የበረሃ አንበጣ ተራክቦና የእንስቷ ምርጫ፦ ለጅግጅጋ አካባቢ የመከላከል ሥራ ያለው ፋይዳ

እ.ኤ.አ. በ2018 የሜኩኑና የሉባን አውሎ ነፋሶች በዓረብ ባሕረ ገብ ምድር በረሃ ላይ ያወረዱት ዝናብ የበረሃ አንበጣን ያለ ልክ አራባው። መንጋው ከየመን ባሕር ተሻግሮ በ2019 ወደ አፋርና ወደ ሶማሌ ክልል ገባ፤ በዓመቱ መጨረሻም በሶማሌ ክልልና በሶማሊያ ደረቅ ሜዳ የተፈለፈለው ትውልድ ወደ ኬንያ ዘለቀ። ስለ ወረራው የቀረቡ ዘገባዎች በአብዛኛው የመንጋውን ስፋትና የጠፋውን ሰብል ይቆጥራሉ። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው አንዱ ትውልድ ሌላውን በሚተካበት ሂደት፣ ማለትም በተራክቦው ላይ ነው።

ተባዕቱ አንበጣ እንስቷን ለማማለል ይህ ነው የሚባል ጭፈራም ሆነ ዜማ የለውም። ቀርቦ ዘሎ ይወጣባታል፤ ካልፈቀደች በኋላ እግሮቿ ትራገጣለች። ለአካለ መጠን የደረሰ ተባዕት ሁልጊዜ ለስሪያ ዝግጁ ነው፤ እንስቷ ግን ዕንቁላሏ እስኪጎለብት ድረስ መመገብ አለባት። በተጨናነቀ መንጋ ውስጥ ይህ የጥቅም ግጭት ዕረፍት ሊነሳት ይገባ ነበር።

ኮውታሮ ማኤኖና ባልደረቦቹ በሞሪታኒያ በረሃ አካሂደው በ2021 ያሳተሙት ጥናት ግጭቱ እንዴት እንደሚበርድ ያሳያል። በመንጋው ውስጥ ፆታዎቹ ተለይተው ይሰፍራሉ፦ የጎለመሱ ተባዕት በአንድ ስፍራ፣ ዕንቁላላቸው ገና ያልደረሰ እንስት በሌላ። እንስቷ ዕንቁላሏ ሊጣል ሲቃረብ ብቻ ወደ ተባዕቱ ሰፈር በርራ ትገባለች፤ ተጣምራም ሌሊት ከሌሎች ጥንዶች ጋር በአንድ ላይ ትጥላለች። በእኔ አመለካከት የእንስቷ ምርጫ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ማንን ከመምረጧ በፊት መቼና የት የሚለውን ትወስናለች።

ከስሪያው በኋላ ተባዕቱ አይወርድም። ኋላ የመጣ ተቀናቃኝ የወንዴ ዘር የቀደመውን ስለሚያሸንፍ፣ እንስቷ ዕንቁላሏን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እስክትቀብር ድረስ በጀርባዋ ላይ ሆኖ ይጠብቃታል። በዚህ ጊዜ ፌኒልአሴቶናይትሪል የተባለ ፌሮሞን ይለቃል፤ ሽታውም ሌሎች ተባዕት እንዳይቀርቡ ያደርጋል። በመንጋ የሚኖር ተባዕት ሲጎለምስ የሚለብሰው ደማቅ ቢጫ ቀለምም፣ በ2022 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሌሎች ተባዕት እንስት መስሏቸው እንዳይወጡበት ምልክት ይሆናል። ያሸበረቀ ቀለም ሁሉ እንስትን ለመማረክ ነው ብሎ ለለመደ አንባቢ ይህ ያልተጠበቀ ነው።

ማሽላና በቆሎ ከግጦሽ ጋር ተሰባጥሮ በሚገኝበት የፋፋን ዞን ይህ ዕውቀት ተግባራዊ ዋጋ አለው። የሚበር መንጋን ማሳደድ ብዙ ኬሚካል በሰፊ መሬት ላይ መርጨትን ይጠይቃል፤ ኬሚካሉም የእንስሳቱን መኖና ንቡን ይነካል። የተጣመሩና ዕንቁላል የሚጥሉ አንበጦች ግን ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም፤ የተባዕት ሰፈርም እንስት የሚመጡበትን ስፍራ አስቀድሞ ይጠቁማል። በዚያ ስፍራ በማለዳ የሚደረግ ውሱን ርጭት ኩብኩባው ከመፈልፈሉ በፊት ትውልዱን ሊቀንስ ይችላል።

ይህ እንዲሆን ግን የአሰሳ ቅጹ ሊሻሻል ይገባል። አሳሹ የመንጋውን ስፋትና ቀለም ከመመዝገብ አልፎ ጥቂት ደርዘን አንበጦችን ይዞ ተባዕቱንና እንስቱን ለይቶ ቢቆጥር፣ ከእንስቶቹም የአንዳንዶቹን ሆድ ከፍቶ የዕንቁላሉን ርዝመት ቢለካ፣ መንጋው በየትኛው የርቢ ደረጃ ላይ እንዳለ በዚያው ቀን ማወቅ ይቻላል፤ ለዚህም ምላጭና ማስመሪያ ይበቃል።