በጠና የታመመ ሕፃን ክሊኒክ ሲደርስ ባለሙያው ምን ያደርጋል?

በክሊኒክ በር ላይ ከወላጆች ከሚሰሙት ቅሬታዎች አንዱ «ከእኔ በኋላ የመጣችው ለምን ቀድማኝ ገባች?» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ልጄ እንዲህ ደክሞ ለምን ጉሉኮስ አይሰካለትም?» የሚል ነው። ሁለቱም መልስ የሚገባቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሱም የሚገኘው የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችና ነርሶች በሚወስዱት ሥልጠና ውስጥ ነው።

በሆስፒታል ውስጥ ከሚሞቱ ሕፃናት ብዙዎቹ የሚሞቱት በደረሱ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 በጠና የታመሙ ሕፃናትን ለመለየትና ወዲያውኑ ለማከም የሚረዳ የሦስት ቀን ተኩል ሥልጠና መጽሐፍ አውጥቷል። በማላዊ፣ ብላንታየር ከተማ በሚገኘው የንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል የሕፃናት መቀበያው በዚህ መንገድ ከተደራጀና ሠራተኞቹ ከሠለጠኑ በኋላ፣ ቀድሞ ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሕፃናት ከ10 እስከ 18 ይሞቱ የነበረው ወደ 6 እና 8 ዝቅ ብሏል።

ሠልጣኙ በመጀመሪያ የሚማረው የበሽታውን ስም ፍለጋ አይደለም። አየር ይገባል? ሕፃኑ በደንብ ይተነፍሳል? እጁ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰኮንድ በላይ ይፈጃል? ራሱን ስቷል? ያንቀጠቅጠዋል? ተቅማጥ ፈሳሹን አሟጦታል? ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ካርድ ሳይወጣ ሕክምናው ይጀመራል። ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ፣ በጣም የከሳ፣ ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ፣ የገረጣ፣ የተቃጠለ ወይም መርዝ የጠጣ ልጅ ደግሞ ወደ ሰልፉ ፊት ይመጣል። ከእርስዎ በኋላ መጥታ የቀደመችው እናት ልጅ ከእነዚህ አንዱ ሳይኖረው አይቀርም።

አዋቂዎችን በማከም የቆየ ሐኪምም ቢሆን በሕፃን ላይ እጁ ሊያመነታ ይችላል። መድኃኒቱ በኪሎ ይሰላል፤ የመተንፈሻ ጭምብሉ በልክ ይመረጣል፤ የደም ሥሩም ጠፍቶ ያስቸግራል። ሥሩ ሲጠፋ ባለሙያው መርፌውን ከጉልበት በታች ባለው አጥንት ውስጥ ይከታል። ለወላጅ ዓይን የሚያስደነግጥ ነው፤ ግን መድኃኒቱ ወደ ደም የሚደርስበት አስተማማኝ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ጉሉኮሱ እንመለስ። ብዙዎቻችን ጉሉኮስ ያልተሰካለት ልጅ እንዳልታከመ እንቆጥራለን። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ትኩሳት ኖሮት የደም ዝውውሩ ለደከመ ልጅ ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ያድናል ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከ3,000 በላይ ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ። ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከ100 ወደ 10 ተኩል የሚሆኑት በ48 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው ግን ወደ 7 የሚሆኑት ብቻ ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 መመሪያውን አሻሽሎ፣ በፍጥነት የሚሰጠውን ፈሳሽ ሦስቱም የሾክ ምልክቶች ለታዩበት ልጅ ብቻ፣ ያውም ቀስ ብሎ እንዲሰጥ አዘዘ። ምልክቶቹም የእጅና እግር መቀዝቀዝ፣ የጥፍር ቀለም መዘግየት፣ ደካማና ፈጣን የልብ ምት ናቸው። ስለዚህ ነርሷ ጉሉኮስ ስትከለክል ሁልጊዜ እንደ ቸልተኝነት አይታይባት። በተቅማጥ ፈሳሹ ለተሟጠጠ ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጥናቱ እነዚህንና በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱትን አላካተተም።

በጎ ፈቃደኞች በሰፈር ሲዞሩ የሚያንቀጠቅጠው ልጅ ካጋጠማቸው በጎኑ ያስተኙት፤ በአፉ ማንኪያም ሆነ ውኃ አይጨምሩበት፤ መቼ እንደጀመረው ሰዓት ይያዙ። ራሱን የሳተ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚገባ ልጅ የያዘች እናት ካገኙ ደግሞ ወደ ካርድ ክፍል አይላኳት። ይዘዋት በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡና ያዩትን ለነርሷ ይንገሯት።