ኀይሉ የደከመ የቆየ የጀልባ ሞተር እንዴት እንደሚመረመር

በሐይቅ ዳር ባለ አገር የጀልባ ሞተር ዓሣ አጥማጁን፣ እህል ጫኙንና መንገደኛውን ሁሉ ያገለግላል። ሞተሩ በቆየ ጊዜ ግን ኀይሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጠባቂውም “አርጅቷልና ሌላ ይገዛልን” ብሎ ማመልከቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን የደከመ ሞተር ሁሉ የሞተ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ በጥቂት ገንዘብ ይታደሳል። ጉድለቱ ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ሞተሩ በሐይቁ መካከል ቆሞ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ የግዢውን ወረቀት የሚፈርመው ሹም ወይም ገንዘቡን የሚከፍለው ባለንብረት፣ ከዚህ በታች የተጻፈው ምርመራ በተራ መፈጸሙን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

ከሁሉ በፊት የአገሩን ከፍታ ማሰብ ያስፈልጋል። ሞተር ቤንዚንን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው፤ ከፍ ባለ አገር ደግሞ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር ሞተሩ ከኀይሉ ከመቶ 3 ያህል ያጣል። የጣና ሐይቅ ከፍታ 1,800 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ 25 የፈረስ ጉልበት የተባለ ሞተር ደኅና ሳለ እንኳ በዚያ ከ21 ብዙ የሚበልጥ አይሰጥም። ይህ የአገሩ ጠባይ እንጂ የሞተሩ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚባለው፣ ያው ሞተር በዚያው ሐይቅና በዚያው ጭነት ቀድሞ ይሠራ ከነበረው ያነሰ እንደ ሆነ ነው።

ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ወጪ ከሌለው ወደ ብዙ ወጪ ይሄዳል።

1ኛ፤ ጀልባውና ፕሮፔለሩ። በጀልባው ሆድ ውሃ መጠራቀሙና ጭነቱ ከመጠን ማለፉ ይታይ። ከዚያም ሞተሩ ቆሞ፣ የካንዴላውም ሽቦ ተነቅሎ፣ የፕሮፔለሩ ክንፍ መታጠፉ፣ እምቦጭ ወይም የመረብ ገመድ መጠምጠሙ ይመርመር። ሞተሩ በኀይል እየጮኸ ጀልባው ባይፈጥን፣ በፕሮፔለሩ እምብርት ያለው ጎማ ተላቅቆ ይንሸራተት ይሆናል።

2ኛ፤ ቤንዚኑ። የማጠራቀሚያው መተንፈሻ ከተዘጋ ሞተሩ ጥቂት ሮጦ ይደክማል። በደከመም ጊዜ በቧንቧው ላይ ያለው የጎማ መጭመቂያ በእጅ ሲጨመቅ ኀይሉ ቢመለስ፣ ጉድለቱ ቤንዚን በሚስበው ፓምፕ ወይም በተሰነጠቀ ቧንቧ ነው። ባይመለስ ግን ውሃ የገባበት ወይም ብዙ ጊዜ የቆየ ቤንዚን የካርቡራተሩን ጠባብ ቀዳዳ ደፍኖት እንደ ሆነ ይመርመር። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልበት ሞተር፣ መጠኑ በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው ይሁን፤ 50 ለ1 ማለት ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው።

3ኛ፤ ብልጭታው። ሞተሩ ሠርቶ ሲበርድ ካንዴላዎቹ ይፈቱ። ደረቅና ቡናማ የሆነው ደኅና ነው፤ በቤንዚን የራሰው ግን ሲሊንደሩ አለመሥራቱን ይነግራል። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አንዱ ቢሞትበትም መዞሩን ስለማይተው ብዙ ሰው ይታለላል። የራሰውና የደረቁ ካንዴላ ቦታ ይለዋወጡ። ርጥበቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጉድለቱ የካንዴላው ነው፤ በዚያው ሲሊንደር ከቀረ ግን ብልጭታ የሚሰጡት ሽቦዎች ወይም የሲሊንደሩ ውስጥ ይመርመሩ።

4ኛ፤ ማቀዝቀዣው። ከሞተሩ ጎን በቀጭኑ የሚፈሰው ውሃ ቢቋረጥ ሞተሩ ወዲያው ይቁም። የውሃው ፓምፕ ጎማ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ቸል ያሉት እንደ ሆነ ግን ሙቀቱ ፒስቶኑን ያበላሻል።

5ኛ፤ የሲሊንደሩ እመቃ። ይህ በመለኪያ የሚታወቅ የመካኒክ ሥራ ነው። በከፍተኛ አገር መለኪያው ከመጽሐፉ ቁጥር ያነሰ ስለሚያሳይ፣ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማነጻጸር ይሻላል። ልዩነቱ ከመቶ 15 ቢበልጥ፣ የፒስቶኑ ፋሻ መበላቱን ወይም የሲሊንደሩ ክዳን ማሸጊያ መቃጠሉን ያመለክታል። ሞተሩን መፍታት የሚገባው እዚህ ሲደረስ ነው።

እንግዲህ አዲስ ሞተር ይገዛ የሚል ማመልከቻ ሲቀርብ፣ የአምስቱ ምርመራ ውጤት ተጽፎ ይያያዝ። ጉድለቱ እስኪታወቅም ድረስ ያ ጀልባ መቅዘፊያና ለሰው ሁሉ የሚበቃ ተንሳፋፊ ሰደርያ ሳይዝ ከዳር እንዳይርቅ ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል።