ከውጫሌ እስከ ሜክሲኮ ቡፌ፦ ሳንጠይቅ እንዳንበላ



ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልዲያ የሚጓዝ ሙስሊም ውጫሌ ላይ ለምሳ ቢወርድ የሚበላበትን ቤት ለመምረጥ ብዙ አይቸገርም። የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት የተለያየ ነው። ካልለየለትም «የማን ሥጋ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም አይቀየምም። በሰርግም ሆነ በሐዘን የወሎ ክርስቲያን ጎረቤት ለሙስሊም እንግዳው በሙስሊም እጅ አሳርዶ፣ ለብቻ አስበስሎ ማቅረብን ያውቅበታል።

ከአገር ሲወጣ ግን ይህ ቀላል ጥያቄ አንደበት ላይ ይከብዳል። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በሥራ ባልደረባ ወይም በልጆች የትምህርት ቤት ጓደኞች ወላጆች ግብዣ ሰፈር ውስጥ ወዳለ የሜክሲኮ ቡፌ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ተከፍሎ እስኪጠገብ የሚበላበት ቤት ነው። ሩዙ፣ ባቄላው፣ የበቆሎ ቂጣው፣ ቃሪያው ሲታይ አገር ቤት ያሉ ያህል ይሰማል። ይህ መመሳሰል ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቆሎም ቃሪያና በርበሬም መነሻቸው ያው የሜክሲኮ ምድር አካባቢ ነው። ችግሩ ያለው ዓይን በማያየው ነገር ላይ ነው።

የውጫሌ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም በዚያች ቦታ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ጠቡ እስከ ዓድዋ አደረሰ። በምግብ ዝርዝር ላይም እንዲሁ ነው፦ እኛ «ባቄላ» ብለን የምናነበው፣ ማእድ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል።

ምን ውስጥ ምን አለ?

በሜክሲኮ ባህላዊ አበሳሰል የአሳማ ስብ እኛ ቅቤ እንደምንጠቀመው የተለመደ ነው። ስሙ «ማንቴካ» ይባላል። ተፈጭቶ የሚጠበሰው ባቄላ፣ በቆሎ ሊጥ በልጣጭ ተጠቅልሎ የሚቀቀለው «ታማሌ»፣ እንዲሁም የስንዴው «ቶርቲያ» በዚህ ስብ የሚሠሩበት ቤት ብዙ ነው። ዛሬ በአትክልት ዘይት የሚሠሩም አሉ፤ ስለዚህ ሳይጠየቅ አይታወቅም። የበቆሎው ቶርቲያ በመሠረቱ በቆሎ፣ ውኃና ኖራ ብቻ ነው፤ ሆኖም በምን እንደተጠበሰ ማወቅ ያስፈልጋል።

«ካርኒታስ» እና «ቺቻሮን» የአሳማ ናቸው፤ «ቾሪዞ»ም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ። «አል ፓስቶር» የሚባለው ደግሞ ሻዋርማ ስለሚመስል ያሳስታል። አሠራሩን ወደ ሜክሲኮ ያመጡት የሊባኖስ ስደተኞች ናቸው፤ እዚያ ግን የበጉ ቦታ በአሳማ ተተካ። ሩዙ በዶሮ መረቅ ሊበስል ይችላል። ዓሣው የሚነከርበት ሊጥ ቢራ ሊገባበት ይችላል። ልጆች የሚሮጡለት ባለ ቀለም ጄሎ የሚረጋው በጄላቲን ሲሆን፣ ጄላቲን ከአሳማ ቆዳም ይሠራል።

የበሬውና የዶሮው ሥጋስ? በአህለል ኪታብ እርድ ጉዳይ ዑለሞች በሱረቱል ማኢዳህ 5ኛ አንቀጽ ላይ ተመሥርተው በሰፊው ተወያይተዋል። ይሁንና በፋብሪካ የታረደ እንስሳ ማን እንዳረደውና እንዴት እንደታረደ ስለማይታወቅ፣ ሐላል መሆኑ ካልተረጋገጠ መተው ለዲን የሚጠነቀቅ ሰው መንገድ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሐላሉም ሐራሙም ግልጽ መሆኑን፣ በመካከላቸው ያለውን አጠራጣሪ የተጠነቀቀ ሰው ዲኑንና ክብሩን እንደጠበቀ አስተምረውናል።

ቡፌ ላይ ሌላም አደጋ አለ። ያው ጭልፋ ከአሳማው ትሪ ወደ ባቄላው ትሪ ይዘዋወራል፤ አንዱ ምጣድ ሁሉንም ይጠብሳል። ምግቡ ራሱ ንጹህ ሆኖ በጭልፋ ሊነካካ ይችላል።

ክፍያውስ ይፈቀዳል?

«ምን ያህል እንደምበላ ሳይታወቅ አስቀድሞ መክፈል የማይታወቅ ነገር መሸጥ አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ኢማም አን-ነወዊ የሚጠቀሙት ውኃና የሚቆዩበት ጊዜ የተለያየ ቢሆንም በክፍያ ሐማም መግባት እንደሚፈቀድ ዑለሞች መስማማታቸውን ጠቅሰዋል። በዘመናችን ሼኽ ኢብኑ ዑሠይሚን የሰው የምግብ መጠን በልማድ የታወቀ ስለሆነ እስኪጠግቡ የሚበላበት ክፍያ እንደሚታለፍ፣ ከልክ በላይ እንደሚበላ የሚያውቅ ሰው ግን ለባለቤቱ መንገር እንዳለበት ገልጸዋል። የተከፈለው እዚያው ለመብላት ነውና ያለ ፈቃድ ቋጥሮ መውጣት አይገባም። ሳህን ሞልቶ ግማሹን መተውም ሱረቱል አዕራፍ 31ኛ አንቀጽ የከለከለው ማባከን ነው። ጥቂት አንስቶ መመለስ ይሻላል።

እንዴት እንጠይቅ?

ሰው ሳይሰለፍ ቀደም ብሎ ሄዶ ወይም ስልክ ደውሎ መጠየቅ ከኀፍረት ያድናል። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ባቄላውና ቂጣው ማንቴካ አለበት? ሩዙ በምን መረቅ በሰለ? ሥጋው ሐላል ነው? መልሱ «አላውቅም» ከሆነ ያልተቀላቀለ ፍራፍሬ፣ ሰላጣ፣ የተፈጨ አቮካዶ፣ የቲማቲምና የቃሪያ ሳልሳ ጭልፋቸው የተለየ መሆኑን አይቶ ማንሳት ይቻላል። ያም ካልሆነ ሻይ ይዞ ከጋባዦቹ ጋር መጨዋወት ግብዣን መናቅ አይደለም። ምክንያቱን በፈገግታ መንገር ደግሞ ስለ ዲናችን ለማስረዳት በር ይከፍታል።

ሜክሲኮ የጣልያንን ወረራ በሕግ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይም የዚህ ወዳጅነት መታሰቢያ ነው። ስለዚህ ሕዝቡንም ምግቡንም የምንጠላበት ምክንያት የለንም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ውጫሌ ላይ የማናፍርበትን ጥያቄ ሰው አገርም አንፈርበት። ልጆቻችን ከእኛ የሚማሩት ስንጠይቅ በማየት ነው።

አላህ ሐላሉን ያግራልን፣ ከሐራሙ ይጠብቀን። አሚን።