የኪስ ስልክና የፓርኪንሰን ሕመምተኛ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። ነገር ግን በሽታውን ሳይደብቅ፣ ለሐኪሙ አሟልቶ መንገር የሚቸግረው ሕመምተኛ አለ፤ ይኸውም የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ነው።

ይህን ደዌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1817 ዓ.ም. አጣርቶ የጻፈው ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ነው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚሠሩት ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውነት ይገተራል፤ እርምጃ ይዘገያል፤ ድምፅም ይሰልላል። ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ዓመታት ሲቆጠሩም ኃይሉ የሚቆይበት ሰዓት ያጥራል፤ ጧት እንደ ልቡ ሲራመድ የነበረው ሰው፣ ቀትር ሳይደርስ እግሩ ከመሬት የተሰፋ ያህል ይቆማል።

ሐኪሙ ግን ይህን ሰው የሚያየው በወራት አንድ ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። «እንዴት ሰነበቱ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነኝ» ማለት የኛ ሰው ልማድ ነው። ይህ መልስ ለጨዋነት ያምራል፤ መድኃኒት ለመመጠን ግን አይበቃም።

ስማርት ስልክ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ሴጅ ባዮኔትወርክስ የተባለው የምርምር ድርጅት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ኤምፓወር የተሰኘ መተግበሪያ ለጥናት አውጥቶ ነበር። ሕመምተኛው ስልኩን ኪሱ ከቶ ይራመዳል፤ በመስተዋቱ ላይ የሚታዩትን ሁለት ነጥቦች በሁለት ጣቶቹ እያፈራረቀ ይነካል፤ «አ» እያለም ድምፁን ያሰማል። ስልኩም መድኃኒት ከመዋጡ በፊትና በኋላ ያለውን ሁኔታ ይመዘግባል።

በየቤቱ እንዲህ የተራቀቀ ነገር ላያስፈልግ ይችላል። ማናቸውም ስማርት ስልክ የመድኃኒትን ሰዓት በደወል ያስታውሳል፤ መድኃኒቱ የተዋጠበትና እግር የከበደበት ሰዓትም ይጻፍበታል። እግር ሲያዝ፣ በእኩል ልክ የሚመታ ድምፅ ለአንዳንዶች እርምጃ ያስጀምራል። የአባት ጣት ፊደሉን መንካት ቢያቅተው፣ ከስልክ የማይለየው ልጅ ይጻፍለት።

ይሁን እንጂ ስልክ ሐኪም አይደለም። መዝገቡን አይቶ በገዛ ራሱ መድኃኒት የሚጨምር ሰው ይጎዳል፤ በድንገት የሚያቋርጥም የባሰ አደጋ ያገኘዋል። መዝገቡ የሚጠቅመው ለሐኪሙ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ቀጠሮ ከመድረሱ በፊት ያለውን አንድ ሳምንት በየሰዓቱ መዝግቦ መሄድ፣ «ደኅና ነኝ» ከማለት ይልቅ ለሕመምተኛውም ለሐኪሙም ይበጃል።