«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ኮምፒውተሩ ይበራል። ዴስክቶፑ ይመጣል፣ አይከኖቹ ይደረደራሉ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ሳይቆይ ሁሉም ጥርግ ብሎ ይጠፋል፤ ከታች ያለው ታስክባርም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ገርጂ፣ ወረቀት በማሳትምበት ጽሕፈት ቤት ባለቤቷ ከጠዋት ጀምራ ይህን ስትመለከት ነበር። «ጋሼ፣ መብራቱ እየተወዛወዘ ነው መሰለኝ፤ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ። መብራቱ ደህና ነበር። «ማታ ምን ጫንሽ?» አልኳት። «ምንም።» ትንሽ ቆይታ ግን አንድ ደንበኛ በፍላሽ ያመጣላትን የፎቶ ማሳመሪያ አስታወሰች። መጀመሪያ «ምንም» የማይል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

መገናኛም ውሰዱት ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ከብዙ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ የምትሰሙት መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ልጆቹ ላይ አልፈርድም። ፎርማት የሚፈጀው ሰዓት ይታወቃል፣ ዋጋውም ይታወቃል፤ በሽታውን ማፈላለግ ግን ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል፣ ለዚያ ደግሞ የሚከፍል ደንበኛ የለም። ኪሳራው የሚመጣው ለባለቤቱ ነው፤ ፕሪንተሩን እንደገና ማስተዋወቅ፣ ፎንቶቹን መፈለግ፣ የሂሳብ ፕሮግራሙን ከእነ ፈቃዱ መልሶ መጫን።

ዴስክቶፕ የምንለው ራሱ አንድ ፕሮግራም ነው። ኤክስፕሎረር ይባላል፤ አይከኑን፣ ታስክባሩን፣ ፎልደሩን የሚያሳየን እሱ ነው። ሲወድቅ ዊንዶውስ ያነሳዋል፤ መጥፋትና መመለሱ ይኸው ነው። ታዲያ የፎቶ ፕሮግራም ምን አገባው? በርካታ ፕሮግራሞች ሲጫኑ በቀኝ ክሊክ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ስማቸውን ያስገባሉ፤ ወይም የፎቶዎቹን ትንንሽ ምስል እኛ እንሥራ ይላሉ። ለዚህ የሚሆን ቁራጭ ፋይላቸውን ኤክስፕሎረር ሆድ ውስጥ ያኖራሉ። ያ ቁራጭ ስህተት ካለበት፣ ኤክስፕሎረር በነካው ቁጥር ይዞት ይወድቃል። ስለዚህ ማሽኑ አልሞተም።

ደግነቱ ዊንዶውስ የውሎ መዝገብ ይይዛል። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ዴስክቶፑ ቢወድቅም እሱ አይወድቅም። እዚያ «ራን ኒው ታስክ» የሚለው ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኢቨንት» ብላችሁ ሳትለያዩ ቪ፣ ደብሊው፣ አር ጨምሩ። የሚከፈተው ኢቨንት ቪወር ነው። በግራ በኩል ካለው «ዊንዶውስ ሎግስ» ሥር «አፕሊኬሽን» የሚለውን ስትነኩ ቀይ ምልክት ያላቸው መስመሮች ታያላችሁ። የገርጂው ማሽን ላይ ቀዮቹ በየጥቂት ሰከንዱ ተደርድረው ነበር። አንዱን ከፈትነው። «ፎልቲንግ አፕሊኬሽን» ከሚለው ፊት ለፊት ኤክስፕሎረር ተጽፏል፤ ያ የወደቀው ነው። ዝቅ ብሎ «ፎልቲንግ ሞጁል» ይላል፤ ያ የጣለው ነው። እዚህ ላይ አንድ የማናውቀው ፋይል ስም አለ፤ ከታቹ ደግሞ አድራሻው፣ የፎቶ ማሳመሪያው ፎልደር። ባለቤቷ ስክሪኑን በጣቷ ነክታ «ይኼ እኮ የማታው ነው!» አለች።

ሁሌ እንዲህ በግልጽ አይገኝም። አንዳንዴ ሞጁሉ የራሱ የዊንዶውስ ፋይል ሆኖ ይመጣል። ያኔ ዊንዶውስን ከመጠርጠር በፊት ሰዓቱን ማስተያየት ነው፤ የመጀመሪያው ቀይ የመጣው ከየትኛው ጭነት ቀጥሎ ነው?

ጥፋተኛው ሲታወቅ ከዚያው «ራን ኒው ታስክ» ላይ ኤም፣ ኤስ፣ አጭር ሰረዝ፣ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ ጽፋችሁ ሴቲንግስን ክፈቱና ከአፕስ ዝርዝር ውስጥ አራግፉት። ፎልደሩን ብቻ መሰረዝ ማራገፍ አይደለም፤ ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ውስጥ ያስገባው ስም ይቀራል። ከዚያ ሪስታርት። የገርጂው በዚሁ አበቃ።

ሰማያዊ ስክሪን እያመጣ ጭራሽ ወደ ዴስክቶፕ የማይደርስ ከሆነ መንገዱ ሴፍ ሞድ ነው። የይለፍ ቃል በሚጠየቅበት ገጽ ላይ ሺፍትን እንደያዛችሁ ሪስታርት በሉት፤ እዚያም ካልደረሰ ሲነሳ ሁለት ሦስት ጊዜ በማብሪያው ቁልፍ ብታጠፉት ራሱ ወደ መጠገኛው ገጽ ይወስዳችኋል። ከዚያ ትረብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ በመጨረሻም 4 ቁጥር። ሴፍ ሞድ ለመነሳት ግድ የሚሉትን ብቻ ይዞ ይነሳል። አንድ የሚያናድድ ነገር አለው፤ አንዳንድ ፕሮግራም እዚያ ውስጥ «አልራገፍም» ይላል፣ የማራገፉን ሥራ የሚሠራው አገልግሎት ስለሚተኛ ነው። ያኔ በዚያው አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ሲስተም ሪስቶርን ሞክሩ። ቀድሞ በርቶ ከነበረ ዊንዶውስንና ፕሮግራሞቹን ወደ ቀደመ ቀን ይመልሳል፤ ሰነዶቻችሁን አይነካም።

ይህ የትንሽ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ድርጅት አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ለቀቀ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ነበር፤ 2 ሰዓት ከ27 ላይ መልሶ ሰበሰበው። በ78 ደቂቃ ውስጥ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው፣ 8.5 ሚሊዮን ማሽኖች በሰማያዊ ስክሪን ተመቱ፤ አውሮፕላን ቆመ፣ ሆስፒታል ተስተጓጎለ። የወጣው መመሪያ ግን ፎርማት አድርጉ አይልም ነበር። በሴፍ ሞድ ግቡ፣ ያችን አንዷን ፋይል ሰርዙ ነው።

እኛ ዘንድ የሚደጋገሙ ተጠርጣሪዎች አሉ። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም አንዱ ነው፤ «አንቲቫይረሱን አጥፋና ጫነኝ» የሚል እንግዳ ምን ይዞ እንደሚገባ መገመት አያቅትም። ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ማሽን ላይ ሌላው ነው። መብራት መሀል ላይ የሄደበት ጭነትም አለ፤ ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፋይሉ ግማሹ ተጽፎ ይቀራል፣ መድኃኒቱም ያንኑ ፕሮግራም በላዩ ላይ ደግሞ መጫን ወይም ማራገፍ ነው።

የአማርኛ መጻፊያው ግን ለብቻው ይወራለት። እንዲህ ያለ ፕሮግራም «ሀ»ን ለማውጣት የምትነኩትን ቁልፍ ሁሉ ከመንገድ መጥለፍ አለበት፤ ለዚያም በተከፈቱት ፕሮግራሞች ሁሉ ውስጥ ይገባል። ለዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተሠራውን፣ ከፍላሽ ፍላሽ ሲገለበጥ የኖረውን ቅጂ ዛሬ ዊንዶውስ 10 ላይ ስትጭኑ ጠቡ የሚነሳው ከዚህ ነው። የሚገርመኝ፣ አብዛኛው ሰው አያስፈልገውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣሉ። ሴቲንግስ ውስጥ ቋንቋ ከሚለው ገብቶ አማርኛን መጨመር ነው። የድሮ ሰነድ ለማንበብ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሰነዱ የተጻፈበት ፎንት ይበቃል፣ ፕሮግራሙን መጫን የለባችሁም።

ፎርማት ግድ የሚሆንበት ቀን አይጠፋም፤ ቫይረስ የዘለቀው ማሽን ላይ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ለሱቁ ስታስረክቡ ግን «ዲ ላይ ያለው አይነካም» ስትባሉ ዴስክቶፕ ላይ የምታዩት ፋይል፣ ዶክመንትስና ዳውንሎድስም ጭምር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲ ላይ መሆኑን አትርሱ። የገርጂዋ ባለቤት ለእሑድ የታዘዙ ሁለት የሠርግ ጥሪ ካርዶች ነበሯት፤ ሁለቱም ዴስክቶፕ ላይ ነበሩ።