ክለባቸው ሲወሰድባቸው ሌላ ክለብ የሠሩ ደጋፊዎች

ዊምብልደን ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ቴኒስ ነው። ነጭ የለበሱ ተጫዋቾች፣ የተከረከመ ሣር፣ እንጆሪ በክሬም እየበሉ የሚያጨበጭቡ ተመልካቾች። በዚሁ የደቡብ ምዕራብ ለንደን ሰፈር ግን ባለቤቶቹ ደጋፊዎቹ ራሳቸው የሆኑ አንድ የእግር ኳስ ክለብ አለ። ኤኤፍሲ ዊምብልደን ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጁን 29 ቀን 2002 ቅዳሜ ነበር። በማግሥቱ ብራዚልና ጀርመን ዮኮሐማ ላይ ለዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ስለሚገናኙ የዓለም ዓይን ወደ ጃፓን ዞሯል። ዊምብልደን ኮመን በሚባለው ሰፊ የሕዝብ መስክ ላይ ደግሞ 230 ያህል ወንዶች ታኬታቸውን አጥልቀው ተሰብስበዋል። የመጡት ለተጫዋችነት ሊፈተኑ ነው። የሚፈትናቸው ክለብ ከተመሠረተ ገና ሳምንታት ብቻ ሆኖታል። የራሱ ሜዳ የለውም፤ አንድም ተጫዋች የለውም። ያለው ስም፣ ሰማያዊና ቢጫ ቀለም፣ እንዲሁም እልህ የያዘው ደጋፊ ነው።

እልሁ የመጣው ከአንድ ወር በፊት በተላለፈ ውሳኔ ነው።

የተነቀለው ክለብ

የድሮው የዊምብልደን ክለብ በ1889 የተመሠረተ የሰፈር ቡድን ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት ከዋናዎቹ አራት ሊጎች ውጪ፣ እንግሊዞች «ከሊግ ውጪ» በሚሉት ደረጃ ሲጫወት ቆይቶ በ1977 ወደ አራተኛው ሊግ ገባ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከማንቸስተር ዩናይትድና ከአርሰናል ጋር በአንደኛው ሊግ ይጫወት ጀመር። ሜይ 14 ቀን 1988 ደግሞ በዌምብሌይ የኤፍኤ ካፕ ፍፃሜ የዓመቱን ሻምፒዮን ሊቨርፑልን 1 ለ 0 አሸነፈ። ግቡን ያስቆጠረው ሎሪ ሳንቼዝ ነው። የሊቨርፑሉን የጆን አልድሪጅን ፍፁም ቅጣት ምት ያዳነውና ዋንጫውን ከልዕልት ዳያና እጅ የተቀበለው ደግሞ አምበሉና ግብ ጠባቂው ዴቭ ቢዛንት ነበር። ያን ቀን በቴሌቪዥን የተከታተሉ አባቶች ዛሬም ለልጆቻቸው ሳይነግሩ አይቀሩም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተበላሸ። ፕላው ሌን የሚባለው የክለቡ ሜዳ ለአዲሱ የስታዲየም ደንብ አይመጥንም ተብሎ ቡድኑ በ1991 የክሪስታል ፓላስ ሜዳ ደባል ሆነ። ባዶው ሜዳ በኋላ ለሱፐርማርኬት ኩባንያ ተሸጠ። ክለቡን የኖርዌይ ባለሀብቶች ገዙት። በ2001 የክለቡ አመራር ያመጣው መፍትሔ ቡድኑን ከለንደን አውጥቶ ሚልተን ኪንስ ወደምትባለው ከተማ ማዛወር ነበር። ርቀቱ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእኛ ከአዲስ አበባ አዳማ እንደማለት።

ደጋፊው ተቃወመ፣ ሰልፍ ወጣ፣ ደብዳቤ ጻፈ። የእግር ኳስ ማኅበሩ ጉዳዩን ለሦስት ገለልተኛ ዳኞች መራው። ሜይ 28 ቀን 2002 ዳኞቹ ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ዝውውሩን ፈቀዱ። ደጋፊዎቹን ከውሳኔው ይልቅ ያንገበገባቸው ግን በሰነዱ ውስጥ የሰፈረ አንድ ሐረግ ነው፤ ደጋፊዎች ክለቡን ከታች እንደገና ቢመሠርቱት ለእግር ኳሱ ሰፊ ጥቅም አይበጅም የሚል። ሐረጉ እስከ ዛሬ በክለቡ ዙሪያ በምሬትም በፌዝም ይጠቀሳል።

በቀናት ውስጥ ደጋፊዎቹ በሰፈራቸው አዳራሽ ተሰበሰቡ። የአዲሱ ክለብ የመጀመሪያ ሊቀመንበር የሆነው ክሪስ ስቱዋርት እዚያ የተናገረው ባጭሩ ይህ ነው፤ ሙግቱ ሰልችቶኛል፣ ከእንግዲህ ኳስ ማየት ብቻ ነው የምፈልገው። ክለቡ የተወለደው ከዚህ ድካም ነው ማለት ይቻላል።

ዘጠነኛው እርከን

የመጀመሪያው የወዳጅነት ጨዋታ ጁላይ 10 ቀን 2002 በጎረቤቱ በሰተን ዩናይትድ ሜዳ ተደረገ። ቡድኑ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ከ4,600 በላይ ሰው መጥቶ ስለነበር ጨዋታው የተጀመረው ዘግይቶ ነው። በሽንፈቱ ያዘነ ሰው ብዙም አልነበረም።

ክለቡ የገባበት ሊግ ዛሬ ባለው አቆጣጠር የእንግሊዝ እግር ኳስ ዘጠነኛው እርከን ነው። ተጫዋቾቹ ቀን ሌላ ሥራ ውለው ማታ የሚለማመዱ ናቸው። በመስመሩ ዳር መቶ ሰው ከቆመ እንደ ብዙ በሚቆጠርበት በዚያ ደረጃ ኤኤፍሲ ዊምብልደን በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 3,000 ያህል ተመልካች ነበረው። ሁለተኛውን ሊግ ይዞ ለመሄድ ሻንጣውን የሸከፈው አሮጌው ክለብ በዚያው ዓመት ያን ያህል እንኳ አላገኘም።

በ2003/04 ከ46 ጨዋታ 42ቱን አሸንፎ፣ በአራቱ አቻ ወጥቶ ሻምፒዮን ሆነ። ከፌብሩዋሪ 2003 እስከ ዲሴምበር 2004 በ78 ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች አልተሸነፈም፤ ይህም በእንግሊዝ የአዋቂዎች እግር ኳስ ክብረ ወሰን ነው።

ቁጥሩ ያስደንቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ሥራ ነው። ባለቤት መሆን ማለት ቅዳሜ ማሊያ ለብሶ መዘመር ብቻ አይደለም። ትኬት የሚቆርጥ፣ በር የሚጠብቅ፣ መጽሔት የሚያዘጋጅ፣ ሒሳብ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን ሁሉ የሠሩት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ክለቡን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት ለዓመታት የመራው ኤሪክ ሳሙኤልሰን ከትልቅ የሒሳብ ድርጅት ጡረታ የወጣ ባለሙያ ነበር። የዓመት ደመወዙ አንድ ጊኒ፣ ማለትም አንድ ፓውንድ ከአምስት ሳንቲም ብቻ። ለምን ጊኒ ተባለ? ከአንድ ፓውንድ ይልቅ ስሙ ስለሚያምር ነው።

በጎ ፈቃድ ዋጋም ያስከፍላል። በ2007 ክለቡ ለአንድ ተጫዋች መሟላት የነበረበትን የዝውውር ወረቀት ባለማሟላቱ 18 ነጥብ ተቀነሰበት። ነገሩ እስከ ፓርላማ ድረስ አነጋግሮ በይግባኝ ቅጣቱ ወደ 3 ነጥብ ወረደ። አንዲት ወረቀት የአንድ ዓመት ልፋት ልታስቀር ነበር።

የባለቤትነቱ አሠራር ቀላል ነው። ዶንስ ትረስት የሚባል የደጋፊዎች ማኅበር አለ፤ ዓመታዊ መዋጮ የከፈለ ሁሉ አባል ይሆናል። ብዙ የከፈለም ጥቂት የከፈለም ድምፁ አንድ ነው። የቦርድ አባላትን የሚመርጡት፣ ትልልቅ ውሳኔ ላይ እጅ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። በ2003 ኪንግስሜዶ የሚባለውን ትንሽ ስታዲየም ለመግዛት ሲፈልጉ አክሲዮን ሸጠው ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከደጋፊው ሰበሰቡ።

ልጆች ያሏችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። የክለቡ ቅጽል ስም «ዎምብልስ» ነው። ዎምብሎች ኤልሳቤጥ በረስፎርድ የፈጠረቻቸው፣ እንግሊዛውያን ልጆች የሚወዷቸው ፀጉራም ፍጥረታት ናቸው። የሚኖሩት በዚያው በዊምብልደን ኮመን ሥር ሲሆን ሥራቸው ሰዎች የጣሉትን ነገር ለቅሞ ጠቃሚ ነገር መሥራት ነው። በጨዋታ ቀን ከልጆች ጋር ፎቶ የሚነሳው የክለቡ መለያ ገጸ ባሕርይም ዎምብል ነው።

ሁለት የፍፁም ቅጣት ምት ማዳን

ሜይ 21 ቀን 2011 ኤኤፍሲ ዊምብልደን በማንቸስተር ሲቲ ስታዲየም ከሉተን ታውን ጋር ተገናኘ። ያሸነፈ ወደ አራተኛው ሊግ ያልፋል፤ የተሸነፈ ከሊግ ውጪ ይቀራል። ከ120 ደቂቃ በኋላ ውጤቱ 0 ለ 0 ነበርና ወደ ፍፁም ቅጣት ምት ተሄደ። በዊምብልደን ግብ ላይ የቆመው ሴብ ብራውን ልጅ ሳለ የዚያው ክለብ ደጋፊ የነበረ ነው። ክለቡ ሲወሰድ የአሥራ ሁለት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ሁለት ምት አዳነ። የመጨረሻውን አምበሉ ዳኒ ኬድዌል አስቆጠረና 4 ለ 3 አለቀ።

በመስክ ላይ ከተደረገው ፈተና እስከዚያች ምሽት ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው። አምስት ጊዜ ከፍ ብለዋል።

ከዚያ በኋላ መገናኘታቸው የማይቀር ሆነ። የተዛወረው ክለብ ስሙን ኤምኬ ዶንስ ብሎ ነበር፤ «ዶንስ» የድሮው ክለብ ቅጽል ስም በመሆኑ ደጋፊዎቹ እስከ ዛሬ ይህን ስም አይቀበሉም። የ1988ቱ ዋንጫ ቅጂና ሌሎች ቅርሶች በ2007 ዊምብልደን ወደሚገኝበት የመርተን ክፍለ ከተማ ተመልሰዋል፤ ቂሙ ግን አልተመለሰም። ዲሴምበር 2012 በኤፍኤ ካፕ የመጀመሪያው ግጥሚያ በሚልተን ኪንስ ተደርጎ ኤምኬ ዶንስ በጭማሪ ሰዓት በተቆጠረች የተረከዝ ግብ 2 ለ 1 አሸነፈ። ብዙ የዊምብልደን ደጋፊዎች ወደዚያ ስታዲየም እግራቸውን ላለማንሳት ምለው ስለነበር እቤታቸው ቀርተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ዋንጫ 3 ለ 2 ተበቀሉ። የማሸነፊያዋን ግብ ያስቆጠረው አደባዮ አኪንፌንዋ ነው፤ ልጆቻችሁ ፊፋ የቪዲዮ ጌም የሚጫወቱ ከሆነ ያንን ግዙፍ አጥቂ እነሱን ጠይቋቸው። በ2016 በዌምብሌይ ፕሊማውዝን 2 ለ 0 ረትተው ወደ ሦስተኛው ሊግ ሲገቡም ሁለተኛዋ ግብ የእሱ ፍፁም ቅጣት ምት ነበረች።

ወደ ፕላው ሌን

ሁልጊዜ የሚወራው ግን ስለ ቤት ነበር። ከድሮው ሜዳ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ፣ የውሻ እሽቅድድም ይካሄድበት በነበረ ቦታ ላይ አዲስ ስታዲየም ለመሥራት ተነሱ። ግንባታው እየተካሄደ በ2019 መጨረሻ ገንዘብ አጠረ። ጉድለቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ስለነበር አንዱ አማራጭ ለውጭ ባለሀብት በሩን መክፈት ነበር።

ፈተናው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ክለብ ሲወሰድባችሁ መቆጣት ቀላል ነው፣ ገንዘብ ይዞ ለመጣ ሰው አይሆንም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ፖርትስመዝ የሚባለው ታዋቂ ክለብ በ2013 በደጋፊዎቹ እጅ ገብቶ ከኪሳራ ድኗል፤ በ2017 ግን ደጋፊዎቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ለአሜሪካዊው ባለሀብት ለማይክል አይዝነር ሸጡት። አልፈርድባቸውም። ስታዲየም ማደስ፣ ደመወዝ መክፈል በመዋጮ ብቻ ይከብዳል።

የዊምብልደን ደጋፊዎች በከረሩ ስብሰባዎች ተከራከሩ። በመጨረሻ ከመካከላቸው የተነሱ ሰዎች ቦንድ አዘጋጁ። ገንዘቡን የሚያበድረው ሰው ወለዱን ከዜሮ እስከ አራት በመቶ ራሱ ይመርጣል፤ ለምን ያህል ዓመት እንደሚያበድርም ራሱ ይወስናል። በ2020 መጀመሪያ በጥቂት ሳምንታት ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። የተወሰነ ድርሻ ለግል ባለሀብቶች ቢሸጥም አብላጫው ከደጋፊዎቹ እጅ አልወጣም።

ወዲያው ኮሮና መጣ። ስታዲየሙ ከማለቁ በፊት ሦስት ደጋፊዎች ከቤት መውጣት ለማይችሉ የሰፈሩ ሰዎች ምግብ የሚያደርስ ቡድን አቋቋሙ። በጎ ፈቃደኞች በየሱፐርማርኬቱ በር ቆመው ከሸማቾች አስቤዛ እየተቀበሉ ለችግረኛ ቤተሰቦች አከፋፈሉ፤ ቆይቶም ለትምህርት ቤት ልጆች ላፕቶፕ አሰባስበው ሰጡ።

ኖቬምበር 3 ቀን 2020 ኤኤፍሲ ዊምብልደን በአዲሱ ፕላው ሌን ከዶንካስተር ጋር የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጎ 2 ለ 2 ተለያየ። ከ29 ዓመት በኋላ ወደ ሰፈሩ የተመለሰው ክለብ 9,000 ያህል ወንበር ባለው ስታዲየም ሲጫወት በኮሮና ክልከላ ምክንያት ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ጨዋታውን የተከታተሉት እየቤታቸው ሆነው ነው።

ከዚያ ወዲህም ነገሩ ሁሌ ሽቅብ አልሄደም። በ2022 ወደ አራተኛው ሊግ ወረዱ። ሴፕቴምበር 2024 ከባድ ዝናብ ጥሎ ሜዳው ላይ ጉድጓድ ተከፈተ፤ ከኒውካስል ጋር የነበራቸውን የሊግ ዋንጫ ጨዋታ ኒውካስል ድረስ ሄደው መጫወት ግድ ሆነባቸው። ደጋፊው እንደለመደው ለጥገናው ገንዘብ ማዋጣት ጀመረ። የዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ፣ ሜይ 26 ቀን 2025፣ በዌምብሌይ ዋልሶልን 1 ለ 0 አሸንፈው ወደ ሦስተኛው ሊግ ተመለሱ። ኤምኬ ዶንስ አራተኛው ሊግ ውስጥ ቀረ።