ከሰሊጥ ማሳ የመጣው ትኩሳት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን እንዳለፈ አዲስ ዘመን ይደርሳል። ከተማዋን ይዞ በስተምዕራብ እስከ ጣና ዳር የሚወርደው መሬት ሊቦ ከምከም ወረዳ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዚህ ወረዳ ገበሬዎች ባልታወቀ ትኩሳት ያልቁ ጀመር። ሰውነታቸው ይመነምናል፣ ጣፊያቸው ያብጣል። አገሩ ወባ የለመደ ነውና የወባ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ትኩሳቱ ግን አልበርድ ይላል። ወባው መድኃኒቱን ተላምዶ ይሆናል ተባለ። በሽታው ካላዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው።

ካላዛር እስከዚያ በሰሜን ኢትዮጵያ የሚታወቀው በቆላ፣ በመተማና በሁመራ ነበር። የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ እዚያው ማሳው ላይ ያድራል። ዋልካው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በሽታውን የምታስተላልፈው፣ ከትንኝም የምታንሰው ዝንብ በስንጥቁ ውስጥና በግራር ሥር ቀኑን ተደብቃ ሌሊት ትነክሳለች። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት ተሐዋሲውን ወደ ሊቦ ይዘውት የገቡት ከዚያ የተመለሱ ሠራተኞች ናቸው። በቀን ግራር ሥር የመተኛት ልማድ ያለው ሰው ይበልጥ ለበሽታው እንደሚጋለጥም እዚያው ወረዳ በተደረገ ጥናት ታይቷል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ባቋቋሙት ማዕከል እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ ከ2,000 በላይ ሕሙማን ታክመዋል።

ካላዛር ምልክቱን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ነው። በጥቅምት ሰሊጥ ያጨደ ሰው ሚያዝያ ላይ ቤቱ ሆኖ ይታመማል። ያኔ ጤና ጣቢያው ስሙን፣ ዕድሜውንና ቀበሌውን ይመዘግባል፤ የት ሄዶ ምን ሲሠራ እንደከረመ ካልጠየቀ ግን የበሽታው ፍንጭ ከእጁ ያመልጣል።

መሠረታዊ የሙያ ጤንነት አገልግሎት የሚባለው ከዚህች ጥያቄ ይጀምራል። ውድ መሣሪያ አይሻም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የአልማ አታ የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅ መግለጫ ሕክምና ሰው ወደሚኖርበት ብቻ ሳይሆን ወደሚሠራበትም ይቅረብ ብሎ ነበር። የኢትዮጵያ ጤና ኬላዎች በመኖሪያው ረገድ ብዙ ሠርተዋል፤ ማሳው ግን ገና ይቀራል።

ጣና ዳር ደግሞ የማሳው አደጋ ብዙ ነው። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያርም ሰው ውኃ ውስጥ ቆሞ ይውላል። ውኃው ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ የሚወጣው የቢልሃርዝያ ትል የሚገባው በቆዳ በኩል ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚረጨው ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ መርጫውን ካዘለ፣ መርዙ በእጁም በትንፋሹም ይገባል። ባዶው የኬሚካል ጀሪካን ታጥቦ ውኃ ሲቀዳበት ጉዳቱ ቤት ድረስ ይዘልቃል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የራሱን ማሳ የሚረጨው ገበሬ ግን ማንን ጓንት ይጠይቃል? ለእሱ ያለችው የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት።

እሷ የሥራውን ወቅት ብትከተል ብዙ ነገር ይቀላል። ወደ ሰሊጥ አገር ለሚወርደው ከመንገዱ በፊት አጎበር መያዙን ታረጋግጣለች፤ ሲመለስ ትመዘግበዋለች፤ ትኩሳት ይዞት ሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ሕክምና ትልከዋለች። የካላዛር ፈጣን ምርመራ የሚጠይቀው ጠብታ ደም ብቻ ነው። ሕክምናው ግን በተለምዶ 17 ቀን በየዕለቱ መርፌ መወጋት ነው፤ በእነዚያ ቀናት ለቀን ሠራተኛው ውሎ አበል የሚከፍለው የለም።